አባቷ የገባበት መንገድ

በትምህርት ቤታችን ኮሪደር መጨረሻ ያለችው ክፍል ድሮ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ነበረች። አሁን ስድስት የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሮችና እኔ አለንባት። መጽሐፍ ሲገልጥ እንቅልፉ የሚመጣው ልጅ እዚህ ሲገባ የሰው ልብ ውስጥ ቆሞ ክፍሎቹን ይቆጥራል። መስማት የተሳናት ልጅ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አይታ በእጇ ታስረዳኛለች። ሊጎበኘን የሚመጣ ሰው ሁሉ ልጆቹ ባዶ አየር ሲዳብሱ ያይና ምን እየሠሩ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ዝንብ እያባረሩ ነው ልለው ብዙ ጊዜ ቃጥቶኛል።

የእኔ ዋና ሥራ ግን መንገድ መቅረጽ ነው። ጫጫታና አዲስ ቦታ የሚያስደነግጣቸው ልጆች አሉ። ለእነሱ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያለውን መንገድ፣ ካሜራውን በልጁ ቁመት ልክ ወገቤ ላይ አስሬ፣ እየተራመድኩ እቀርጻለሁ። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መንገዱን ደጋግሞ ያያል፤ ሲለምደው በእግሩ ይሞክረዋል። አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ፤ ልጁ የሚያውቀው ሰው ፊልሙ ውስጥ አይገባም። መልመድ ያለበት መንገዱን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ይህን ሕግ ያስጣሰኝ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጁን «አለቃዬ» ይላታል፤ እኛም ስሟን ትተን አለቃ አልናት። አለቃ በወር አንድ ቃል ብትናገር ነው። የመኪና ጥሩንባ ከሰማች ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች።

መንገዷን ልቀርጽ የሄድኩ ቀን አባቷ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተከተለኝ፣ ከዚያም ቀደመኝ። ዞር ይበሉልኝ ስለው እሺ ይላል፤ ሃያ እርምጃ ሳንሄድ እንደገና ከፊቴ ነው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ካሜራው ዞረ።

«ነይ እንጂ አለቃዬ። አይዞሽ።»

ጋራዡ በር ላይም፣ መታጠፊያው ላይም እንዲሁ አደረገ። ጦፍኩ። እሱ ግን ሰው የሌለበት ደግሞ ምኑን መንገድ ሆነ ብሎ ሳቀብኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እደግመዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ስንፍናዬን ሥራ በዛብኝ በሚል ሸፈንኩት። በሁለተኛው ወር ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ልቡ ቆመ።

ከዚያ በኋላ አለቃ በየቀኑ መነጽሩን አድርጋ ያንኑ ፊልም ታያለች። እውነተኛው መንገድ ላይ ልናወጣት ስንሞክር ግን ከበራቸው ብቅ ትልና ግራ ቀኙን ታያለች፤ አባቷ የለም፤ ተመልሳ ትገባለች። የምታመላልሳት የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ በተርሙ መጨረሻ ልትቆም ነው። እናቷ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። አለቃ ብቻዋን መሄድ ካልቻለች ያለው ምርጫ ሌላ ከተማ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ባሏን የቀበረች ሴት ልጇንም ልትሸኝ ነው።

አዲስ ፊልም ቀርጬ የድሮውን ላጠፋው እንደሆነ ለእናቷ መልእክት ላክሁላት። በዚያው ቀን ከዳቦ ቤቱ ከነሽርጧ፣ ክንዷ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣች። ከማጥፋቴ በፊት አንዴ እንዳሳያት ለመነችኝ። መነጽሩን አደረግኩላት። ባሏ ድልድዩ ጋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች፤ የተንጠለጠለውን ሜትር ልታስተካክልለት መሆኑ ገባኝ። ጣቶቿ አየር ላይ ቀሩ። የዝንቡን ቀልድ ከዚያ ቀን በኋላ አስቤው አላውቅም።

«ድምፁን እኮ እየረሳሁት ነበር» አለች መነጽሩን ስታወልቅ። «እባክሽ ቲቸር፣ አታጥፊው።»

አላጠፋሁትም። ባዶውን መንገድ ግን ቀርጬ ለአለቃ ሰጠኋት። አየችውና የድሮውን በጣቷ ጠየቀች። እሱን አይታ ስትጨርስ ደግሞ ባዶውን። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያፈራረቀች አየች። ምን እንደምታስተያይ አልገባኝም ነበር፤ ችክ ያለች መሰለኝ።

በተርሙ የመጨረሻ ዓርብ እናቷ ፈቃድ ወሰደችና ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርን። አለቃ ብቻዋን ከፊት፣ እኛ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከኋላ። ከበራቸው ወጣች፤ ግራ ቀኝ አላየችም። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አለቀልን አልኩ። ትንሽ ቆየችና ተሻገረች። ጋራዡ በር ላይም ቆመች፤ ጥሩንባ ጮኸ፣ ጆሮዋን ያዘች፣ ግን አልተቀመጠችም። ያኔ ገባኝ። አባቷ የቆመባቸው ቦታዎች ላይ፣ እሱ የቆመውን ያህል እየጠበቀች ነው።

ይህን ልነግራት ስዞር እናቷ አጠገቤ የለችም። ድልድዩ ላይ ቀርታለች። ከማዶ የተዘጋው የባሏ ስፌት ቤት ይታያል፤ ከቀብሩ በኋላ በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም። የድልድዩን ብረት ይዛ ቆማለች።

አለቃም ዞራ አየቻት። የመጣችውን መንገድ ተመልሳ፣ በእኔ በኩል ሳታየኝ አልፋ፣ ድልድዩ ጋ አባቷ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ» አለቻት። «አይዞሽ።»

እናቷ ብረቱን ለቀቀችና ሄደች። ስፌት ቤቱን ሁለቱም አብረው አለፉት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ያን ቀን ካሜራ አልያዝኩም።