ፉሪ ላይ ወራጅ አለ

አዲስ አበባ ዳር ባለችው ፉሪ ተወልደው እዚያው ያረሱት አቶ ዳባ፣ በመርሳት በሽታ ምክንያት የገዛ ቤታቸው ይጠፋባቸው ጀመር። ልጃቸው አያንቱ አዲስ ሕክምና ወደምትሞክረው ወደ ዶክተር ፅጌረዳ ወሰደቻቸው።

«አባዬን ጭንቅላቱን ልትከፍቱት ነው?» አለች ፈርታ።

«ኧረ በጭራሽ! ጽንስ እንደምናይበት አልትራሳውንድ ያለ የድምፅ ሞገድ ነው፤ ከውጭ ሆኖ አንጎላቸውን ያነቃቃል። ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም።»

ዶክተሯ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳትሰለች፣ እጃቸውን ይዛ እያጫወተች አከመቻቸው።

በመጨረሻው ቀን በታክሲ ሲመለሱ፣ ሰፈራቸው ጋ አቶ ዳባ በመስኮት አዩና «ወራጅ አለ!» አሉ ጮክ ብለው። አያንቱ አፏን ይዛ ተከትላቸው ወረደች። የልጅ ልጆቻቸውን ስም አሁንም ያምታቱ ነበር። እሷ ግን እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ደወለች፤

«ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ! አባዬ ራሱ ሰፈሩን አውቆ ከታክሲ አወረደኝ።»