የተኮማተረው ማሊያ

ሲኞር ብሩኖ በንጉሡ ጊዜ ቡሬ ላይ ወፍጮ ሊተክል የመጣ ጣሊያን ነው። ሳይጠይቁት ስለ ኳሱ ያወራል። በአገሩ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቶ ያገባው ጎል ሁለት ብቻ ነው። እሱን እንደ ጀብዱ ሲያወራ እኔ ልብሱን እያጠብኩ እስቃለሁ።

«በአሥራ አንድ ዓመት ሁለቴ ብቻ የሚያርስ በሬ እኛ ዘንድ ይታረዳል» አልኩት።

«ታንጉት፣ እኔ አማካይ ነኝ» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ጎል ሌላው ያገባል። እኔ ኳሱ ሳይመጣ ግራ ቀኝ አያለሁ። ሲመጣ የት እንደምልከው አውቃለሁ።»

ይህን ያስተማረው ለአያ ባንተአምላክ ነው፤ ያኔ ወፍጮ ቤቱ ጆንያ የሚሸከም ቀጭን ጎረምሳ ነበር። የፍኖተ ሰላም ልጆች ሊገጥሙን ሲመጡ መሀል ሜዳ ቆሞ አንገቱን እንደ ጭልፊት ግራ ቀኝ ያዞራል። ኳሷ እግሩን ነክታ ስትሄድ የት እንደምትደርስ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው የሚያሳዩኝ ሩጫ ብቻ ነው። ያን ቢያዩ ስልኩን ይጥሉት ነበር።

ሲኞር ብሩኖ ከአገሩ ያመጣው አንድ ማሊያ ነበረው፦ ቀይ ሱፍ፣ ጀርባው ላይ አራት ቁጥር። አንድ ቀን ለእጥበት ሰጠኝ። እኔ በእንዶድ ያጠብኩት ጋቢ ማንኩሳ ድረስ ይወራለት ነበር። ሱፍ ግን ማን ያጥባል? የሱፍ ብርድ ልብሳችን ባና እንኳ ፀሐይ ይመታዋል እንጂ ውሃ አያይም። እንደ ጋቢ በፈላ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ለሁለት ዓመት ልጅ የሚበቃ ሆኗል።

ደበቅኩትና «ከገመዱ ላይ ጠፋ» አልኩ። የማንንም ስም አላነሣሁም፤ ሰው ግን የራሱን ሌባ አገኘ። ማሊያውን ሲመኝ የኖረው ባንተአምላክ ነው አሉ። ሲኞር ብሩኖ ልጆቹን ማሠልጠኑን ተወ፤ አብዮቱ ሲመጣ አገሩ ገባ። አያ ባንተም ኳስ ተወ። ግራ ቀኝ ማየቱ ግን አልለቀቀውም፤ መንገድ ላይም፣ ገበያም ያያል። «የሌባ አስተያየት» ይሉታል። ሃምሳ ስምንት ዓመት ይህን እየሰማሁ ዝም አልኩ። ስሜን ወድጄ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሜላት «እምዬ፣ የድሮ ተጫዋቾች ሊሸለሙ ነው» ብላ ዝርዝሩን አነበበችልኝ። አያ ባንተ የለበትም።

«ለምን?»

«የኮሚቴው ሰብሳቢ አምላኩ ነው የሚመርጠው። ሌባ አይሸለምም አለ።»

ማሊያውን ከሳጥኔ አውጥቼ ሄድኩ። አያ ባንተ ደጁ ላይ ገብስ ያሰጣል። ሰጠሁት። ዘረጋውና አራት ቁጥሯን በጣቱ ሄደባት።

«አፍልተሽው ነው?»

«አፍልቼው ነው።»

«ሱፍ ይፈላል እንዴ፣ አንቺ ሴት?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«ሃምሳ ስምንት ዓመትም አላወቅሽም?»

ጎንበስ ብዬ ገብሱን በእጄ መበተን ጀመርኩ።

«እንዳልሰረቅሁ እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለ። «ካሙኝ ሰዎች ግማሾቹ ሞተዋል። የቀሩት ሳያልቁ ለእነሱ ንገሪ።»

እሑድ ሰንበቴ ላይ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሣሁ፤ ማሊያውን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። «ሌባ አልነበረም። ያበላሸሁትም የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

«ይህ የሕፃን ልብስ አይደል እንዴ?» አለ አምላኩ።

«የትልቅ ሰው ነው። ያሳነስኩት እኔ ነኝ።»

ዳቦው ተቆርሶ ተበላ። ስንወጣ አያ ባንተ ማሊያውን በብብቱ ይዞ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። አምላኩ ከኋላው እየተቅለሰለሰ «ኳስ እየጠበቁ ነው እንዴ፣ አባ?» አለው።

«ባጃጅ እንዳይገጨኝ ነው» ብሎ ተሻገረ።

እኔ በግራው ቆሜ ነበር። አይቶኛል። ግን ሰላምታ እንኳ አላቀበለኝም።