ያልተቆለፈው ሰንሰለት

ዛሂር በሞተረኞቹ ጉዞ ሁልጊዜ ጭራ ነው። ጭራ የሚሉት ከሁሉ ኋላ የሚነዳውን ሰው ነው፤ የወደቀ ያነሳል፣ የተበላሸበትን ይጠግናል፣ ማንንም አይቀድምም። ከሙስካት ሳላላ ድረስ ሺህ ኪሎ ሜትር የሰው ጀርባ እያዩ መንዳት ለወጣት አይሆንም። ለዛሂር ግን ልኩ ነበር። ዕድሜው አምሳ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት የውሃ ፓምፕ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ነው። መመስከሩንም ያውቀዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንዲያውም ትንሽ አብዝቶ ያውቀዋል።

ያን ቀን ሰባት ሞተሮች ሃይማ ከተማ አድረው፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጉዞ ጀመሩ። ሃይማን ለቀው ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ የዛሂር የጎን ሻንጣ ክዳኑ ተከፈተና ማታ ለብሶት የነበረው ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ዲሽዳሻው፣ በነፋሱ ይራገብ ጀመር። የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ቆመ። ጓደኞቹ አላዩትም፤ ቢያዩትም በደንቡ አይቆሙም፣ የምሳ ማረፊያው ላይ ይጠብቁታል። ዲሽዳሻውን ሰብስቦ ሲጠቀልል ደረት ኪሱ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ጣቱን ወጋው። አወጣው። ግማሽ ጥፍር የምታህል፣ ግራሶ የተቀባች የብረት ክሊፕ ናት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው፤ ወሽመጡ ብጥስ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቡድኑ ደንብ ማንም የራሱን ሞተር ሰንሰለት አያይም። ሰው የራሱን «ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ የጓደኛውን ግን አፍሮም ቢሆን አጎንብሶ ያያል። አይቶ፣ አጥብቆ፣ ሥራውን ሲጨርስ የሰንሰለቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙበት ማያያዣ ላይ ነጭ ቀለም ጠብ ያደርጋል። ነጭ ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። ትናንት አመሻሽ ላይ ዛሂር የጓደኛውን የኸልፋንን ሰንሰለት አየ፤ ተለጥጦ በሚዞርበት ጥርስ ላይ እየዘለለ ነበር። ኸልፋን የያዘውን አዲስ ሰንሰለት አምጥቶ ገጠመለት፣ ሁለቱን ጫፎች በማያያዣው ፒኖች አገናኘ፣ የጎኑን ብረት ደፍኖ መታው። የቀረችው ክሊፗ ብቻ ናት። ያቺ ክሊፕ ናት ብረቱ ከፒኖቹ ላይ እንዳይወጣ የምትቆልፈው። ልክ ሊያስገባት ሲል የመግሪብ አዛን ተሰማ። እሱም ክሊፗን ኪሱ ከተተና፣ «እስክንሰግድ ይድረቅ» ብሎ ቀለሙን አስቀድሞ ጠብ አደረገው።

አይ ዛሂር! ሰግዶ ሲመለስ ቀለሙን አየ። ነጭ ነው። ነጭ ደግሞ አልቋል ማለት ነው። ፒንሳውን ጠራርጎ ወደ እራት ሄደ።

አሁን ኸልፋን ያንን ሰንሰለት ይዞ ከፊት እየሄደ ነው። ከኋላው ደግሞ ልጁ ረያ ተቀምጣለች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ጉዞዋ። እናቷ አትሄድም ብላ ሳምንት ሙሉ ስትከራከር፣ «እኔ ከኋላቸው ነኝ፤ በኔ ይሁንብሽ» ብሎ ያሳመናት ማን ሆነና? ራሱ ዛሂር ነው።

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። በዚያ በረሃ መቼ ኖሮ ያውቃል! ሰንሰለት በዚያ ፍጥነት ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ዛሂር ጠንቅቆ ያውቃል። ዕድለኛ ከሆንክ ተበጥሶ ይወድቃል። ካልሆንክ ጥርሱና ጎማው መሃል ይወተፍና የኋላውን ጎማ ቀጥ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላህ አያሳያችሁ። ፈራ። ቁልፉን ሁለቴ ስቶ በሦስተኛው አስገባው።

ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጠው። አሮጌ ሞተሩ ይህን የመሰለ ፍጥነት ካየች ዓመታት ሆኗታል። ነፋሱ ትኩስ ነው፣ አሸዋው አስፋልቱን አቋርጦ ይሮጣል፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ዛሂር መንገዱን ሳይሆን መሬቱን ነው የሚያየው፤ የወደቀ ብረት ፍለጋ፣ የጎማ ጭረት ፍለጋ፣ ደግሞም፣ አይበለውና፣ አረንጓዴ ሄልሜት ፍለጋ። የረያ ሄልሜት አረንጓዴ ነው።

«ያ ረቢ፣ በኔ ጥፋት እሷን አትንካት» አለ ጮክ ብሎ። «እኔን ከፈለግህ እኔ አለሁ።»

ከሩቅ መንገዱ መሃል አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሞ ታየው። ሰው ነው። ሰው ነው ብሎ ደመደመ፤ እግሩ ተጣጥፎ፣ እጁ ተዘርግቶ። ሲደርስበት የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ሆነ። አለቀሰ መሰላችሁ? አላለቀሰም፣ ሳቀ። የገዛ ሳቁ አስደነገጠው።

ጋፍተይን ነዳጅ ማደያ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ህንዳዊውን ቀጂ ጮኾ ጠራው።

«ሞተሮች አልፈዋል?»

«አዎ ሳዲቅ፣ ወዳጄ፣ አሁን ነው የሄዱት።»

«አረንጓዴ ሄልሜት ያደረገች ልጅስ?»

«ውሃ ገዛች። አባቷ ጎማ ጎማውን ሲያይ ነበር፣ ከዚያ ሄዱ። ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል።» ሰውየው የዛሂርን ፊት አየና የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። «ሰው ታሟል እንዴ? ውሃ ልስጥህ?»

ዛሂር ግን ሄዷል። ጎማ ጎማውን ሲያይ ነበር? ምን ሰምቶ ነው የሚያየው? ሃያ ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ከሄልሜቱ ውስጥ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያቃጥለዋል፣ እጁን አንስቶ መጥረግ አልደፈረም።

ከዚያ አየው። ሩቅ፣ ሙቀቱ በሚያወላውለው አስፋልት ላይ፣ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ።

«አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። ደስታው ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። አሁንስ ምን ያድርግ? ደርሶ ቢጮህበት ኸልፋን ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል። ፍሬን ከረገጠ ወይም ጋዙን ድንገት ከሰጠ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ብረቱ በጣት ቢነኩት የሚወድቅ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቀስ ማለት አለበት። ቀስ ብሎ፣ በልማዱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው መቆም ያለበት።

ከጎናቸው ደረሰ። ግራ እጁን ዘርግቶ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እያለ አመለከተ።

ረያ አየችው። ጭራው ሲቀድም አይታ ስለማታውቅ ተገርማ እጇን አወዛወዘችለት፣ ስልኳን አውጥታ ትቀርጸው ጀመር። ኸልፋንም ዞር ብሎ አየ። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት የዛሂርን ሞተር «አህያህ» እያለ ሲሳለቅበት የኖረ ሰው ነው። የሄልሜቱን መስታወት ገፍቶ ጥርሱን አሳየውና ጮኸ።

«አህያህ ዛሬ ምን በላች? ና እስቲ እንተያይ!»

«ቁም! ቀስ በል! ኸልፋን፣ ወላሂ፣ ቀስ በል!»

ነፋሱ ቃሉን ወሰደው። ኸልፋን ሳቀ፣ ጋዙን ሰጠ። ሞተሩ ተስፈንጥሮ ሲያልፍ የዛሂር ጆሮ ውስጥ ሌላ ድምፅ ገባ፤ ከሞተሩ ድምፅ በታች ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር። በተከተለው ቁጥር ኸልፋን ይብስ ይፈጥናል። በገዛ እጁ ሊገድላቸው ነው።

የዚያን ጊዜ ያደረገው ነገር ለመናገር ቀላል ነው። ጋዙን ለቀቀ። በመብራቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረገ፣ ጠርዝ ይዞ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። በቡድኑ ደንብ ጭራ ሲቆም አይጠበቅም፤ ሦስት ብልጭታ ግን ቁሙ ማለት ነው፣ ስፔኪዮው ውስጥ ያየው ሰው ፍጥነቱን እየቀነሰ ሄዶ ይቆማል። ኸልፋን ያየው ይሆን? እልኽ ውስጥ የገባ ሰው ስፔኪዮ ያያል? አረንጓዴዋ ነጥብ እየራቀች ሄደች። አነሰች። ዛሂር መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን ሄልሜቱ ላይ ጭኖ ያያታል፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለውም። አንድ ከባድ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ አለፈና ሸፈናት። መኪናው ካለፈ በኋላ ነጥቧ የለችም።

አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «ለእናቷ ምን እላለሁ?» አለ። «ምን ብዬ ነው ደጃፏ ላይ የምቆመው?»

ዓይኑን ደጋግሞ ጠራረገ። ሲገልጠው ነጥቧ አለች፤ መኪናው ነበር የጋረዳት። ደግሞ አትንቀሳቀስም። ቆማለች። ቆመው ነው ወይስ ወድቀው? ሞተሩን አስነስቶ ያን ርቀት እንዴት እንደጨረሰው እሱም አያውቅም።

ቆመው ነበር። ረያ ሄልሜቷን አውልቃ ውሃ ትጠጣለች፤ ኸልፋን ሞተሩን በደረቱ ተደግፎ ይስቃል።

«ምን ሆነህ ነው ጭራው? አህያህ ደከመች?»

ዛሂር ሄዶ ከሞተራቸው ሥር ተንበረከከ። የጎኑ ብረት የለም። ጭራሽ የለም፤ የት እንደወደቀ አላህ ይወቀው። አንደኛው ፒን ግማሹ ወጥቷል፣ ሰንሰለቱ በቀረችው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ነጩ ቀለም ሌላኛው ጎን ላይ ቁጭ ብሏል።

ኸልፋን ከትከሻው በላይ አይቶ ሳቁ ጠፋ።

«ከጋፍተይን በፊት ጀምሮ እየሰማሁት ነው» አለ። «ጠቅ ጠቅ ይላል። ረያም ‹አባ፣ ምንድነው ይሄ ድምፅ?› አለችኝ። ማደያው ጋ ወርጄ አየሁ፣ ነጩን ሳይ ተውኩት። ‹አጎትሽ ዛሂር ነው ያሰረው፣ አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም› አልኳት።»

ዛሂር ክሊፗን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋለት። አዛኑን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም ነገረው፤ አንዳች አላስቀረም። ኸልፋን እንዲሰድበው ጠበቀ። ቢሰድበው፣ ቢመታውም ደስ ባለው ነበር።

ኸልፋን አልሰደበውም። ሻንጣውን ከፍቶ መለዋወጫ ማያያዣውን አወጣ።

«ስጠኝ፣ እኔ ልሥራው» አለ ዛሂር እጁን ዘርግቶ። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ስጠኝ።»

«አይ፣ ተወው» አለ ኸልፋን በለሆሳስ። ቁጣ የለበትም፤ ያ ነው የባሰው። «ረያ፣ ነይ እስቲ እናቴ። አንቺ ትሠሪዋለሽ። ዛሂር፣ አንተ ጥላ ያዝላት፣ ፀሐዩ ዓይኗን እየወጋት ነው።»

ዛሂር ጃኬቱን አውልቆ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋላት። ረያ ከሥሩ ተንበረከከች፣ ፒኖቹን አስገባች፣ ብረቱን በፒንሳ ጨመቀች። ክሊፗን ስታነሳ ቆም አለች።

«አጎቴ፣ የተዘጋው ጫፍ ወደየት ነው የሚ...» ብላ ጀምራ ቀና አለችና አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ እንደገና ጠየቀች።

ኸልፋን ወደ ፊት በኩል ነው አላት። ዛሂር ክንዱ እስኪዝል ጃኬቱን እንደያዘ ቆመ።