የአስተርጓሚዋ የሙከራ ቀን

እማማ አጁሉ ተናግረው ሲጨርሱ አስተርጓሚዋ ዘኪያ ወዲያው አልተረጎመችም።

"ምን አሉ?" አለ ዶክተር ገሠሠ እስክሪብቶውን እንደያዘ።

"ትንሽ ይታገሡኝ፤ ቃሉን እየፈለግሁ ነው።"

ቃሉስ አልጠፋትም። ቤተሰቧ በመንግሥት ሰፈራ ከወሎ መጥቶ አቦቦ ከሰፈረ ጀምሮ ከዚህ መንደር ልጆች ጋር ውኃ ስትቀዳ ነው ያደገችው፤ ቋንቋቸው አኙዋክኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ሆኗል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰች ወዲህ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለጥናት ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ማመልከቻ ይዛ ትሮጥ ነበር። አልዌሮ ግድብ ላይ ዓሣ የሚያጠኑት፣ "ጀልባ ላይ የሚውል ወንድ ነው የምንፈልገው" ብለው መለሷት። የወባ አጥኚዎቹ የጤና ሙያ ሠርተፊኬት ጠየቋት። ስለ መሬትና ኑሮ ሊያጠና የመጣው ገሠሠ ብቻ፣ "ቋንቋውን ካወቅሽ ይበቃኛል። ዛሬ ልሞክርሽ" አላት። ከተሳካላት የጥናት ረዳት ልትሆን ነው።

"ንገሪው እንጂ!" አሉ እማማ አጁሉ በቋንቋቸው። "ክልሉ የእናንተ ሆነ ብለው ባንዲራ ሰቀሉልን። የልጄ መቃብር ግን የየሱፍ በቆሎ ሥር ነው። እነሱን ሲያሰፍሯቸው እኔን ማን ጠየቀኝ? ሲያርሰው ዳር ቆሜ አያለሁ። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪው።"

የሱፍ የዘኪያ አባት ነው። ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያው ማሳ ነው። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ሰፋሪ ወደመጣበት ይመለሳል የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ የወሎው መሬታቸው ደግሞ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ቆይቷል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ አባቷ፣ "ልጄ፣ የሚጎዳንን ነገር አንቺ በአፍሽ አታውጪው" ብሏታል።

ገሠሠ አኙዋክኛ አይሰማም። የእማማ አጁሉም አማርኛ ከገበያ አያልፍም። ትምህርት ቤት ይሠራልን አሉ ብትል ማን ያውቅባታል?

ወደ ገሠሠ ዞረች።

"የልጃቸው መቃብር..." አለች፤ "የልጃቸው መቃብር ከአንድ ሰፋሪ ማሳ ሥር ነው። ሲታረስ ያያሉ። ሰፋሪው ሲመጣ ማንም አልጠየቃቸውም።"

እማማ አጁሉ ጣታቸውን ቀሰሩ። "የሱፍ ስትዪ አልሰማሁም።"

"አሁን ደግሞ ምን አሉ?" አለ ገሠሠ።

"ስሙን ዘለልሽው እያሉኝ ነው። የሱፍ ይባላል።"

"ታውቂዋለሽ?"

"አባቴ ነው።"

ገሠሠ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እማማ አጁሉ ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት፤ ጣታቸውን ግን አጥፈዋል።

"ሥራውን አግኝተሻል" አላት ገሠሠ በመጨረሻ። "ነገ የሰፋሪዎቹ ተራ ነው። አባትሽም አሉበት። አማርኛ ስለሆነ ብቻዬን እወጣዋለሁ፤ አንቺ ከነገ ወዲያ ነይ።"

አዝኖላት እንደሆነ ገባት። ነገን ቤት መዋል ትችላለች፤ አባቷም ስሙን ማን እንዳወጣው ላያውቅ ይችላል። ግን መቃብሩን ያውቅ ይሆን? እያወቀ ነው የሚያርሰው? ያንን ሁሉ በቆሎ ስትበላ መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበረ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

"ነገም እመጣለሁ፣ ዶክተር" አለች። "የመቃብሩን ነገር አባቴን የምጠይቀው እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወደ እማማ አጁሉ ዞረችና ያለችውን በቋንቋቸው ደገመችላቸው።