ድንች እና የናርሲሱ ቅጠል

ሩዪን የድመቷን የድንችን መንጋጋ በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ አረንጓዴውን ቁራጭ ጎትታ አወጣችው።

"ትፊ! ትፊው አልኩሽ ድንች!"

ድንች እንደተበደለ ሰው አየቻትና ከመስኮቱ ደፍ ዘላ ወረደች። የሩዪን አማት አቶ ኬ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሳቁ።

"ተያት ልጄ። ድመት ሣር የምትበላው ሆዷን ልታጥብ ነው። ለአዲስ ዓመት እየተዘጋጀች ይሆናል።"

"አባባ፣ ይሄ ሣር አይደለም። ናርሲስ እኮ ነው፣ መርዝ አለው!"

የሽማግሌው ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። ትልቅ ነጭ ሽንኩርት የሚመስሉትን የናርሲስ ራሶች በትንሽ ቢላ የቀረጹት እሳቸው ናቸው። ዣንግዡ ከተማ ውስጥ፣ አዲስ ዓመት በሚገባበት በብርዱ ወራት፣ ይህን የማያደርግ ቤት ጥቂት ነው። የተቀረጸው ራስ ጠጠር በተነጠፈበት የውሃ ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ቅጠሉ እንደ ሸርጣን ጥፍር ይጠማዘዛል፤ አበባው ልክ በአዲስ ዓመት ማለዳ ከፈነዳ ቤቱ ዓመቱን በደስታ ይከርማል። ትናንት ብርዱ ሲበረታ እንዳይዘገዩባቸው ፈርተው፣ ሳህኖቹን ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አመጧቸው። ሩዪን ለድንች የስንዴ ቡቃያ የምታበቅለው እዚያው መስኮት ላይ ነው። ድመቷ ምን ታድርግ? ሁሉም ለምለም፣ ሁሉም በሳህን።

ሩዪን ወደ እንስሳት ሐኪሟ ደወለች።

"የተክሉን ራስ ነክሳለች? ውሃውንስ ጠጥታለች?" አለች ሐኪሟ። "መርዙ የሚከፋው ራሱ ላይ ነው፤ ቅጠሉም ግን አይናቅም። ምን ያህል እንደዋጠች እዪና ንገሪኝ።"

ውሃው ጠዋት በሞላችው ልክ ነበር፤ ራሱም አልተነካም። ቁራጩን ከተነከሰው ቅጠል ጋር ልትገጥመው ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋች። ባሏ ዢሚንግ ካረፈ ወዲህ ማታ እግሯ ላይ የሚተኛ ነፍስ ያለው ነገር ድንች ብቻ ናት። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቁራጩ ገጠመ፤ ከጥርስ ቀዳዳ በቀር የጎደለ የለም።

"እንግዲያው አልዋጠችም። ለሃጯ ከተዝረከረከ ወይ ካስመለሳት ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አምጫት።"

እስከ ማታ ድንች ያደረገችው ነገር ቢኖር ዓሣ መለመን ነበር።

አቶ ኬ ግን ተክዘዋል። "ለበዓሉ እህትሽ ቤት ብንወስዳትስ?" አሉ ዝግ ብለው።

"ድንች የትም አትሄድም፣ አባባ።"

"እና አበቦቼ ይጣሉ?"

"ማን ይጣሉ አለ? ከደጃችን፣ ደረጃው ጋ እናስቀምጣቸዋለን።"

"ደስታን ደጅ አቁሞ ቤቱን የሚዘጋ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ጎረቤት ምን ይላል?"

"ምራትየዋ ድመት አክብራ አማቷን ናቀች ይላል።"

"ልክ ነዋ!" አሉና ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው።

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ስታወጣ፣ እሳቸው ከኋላዋ እየተከተሉ "ቀስ! ጥፍሩን እንዳትሰብሪው!" ይሉ ነበር። ከላይኛው ፎቅ የምትወርደው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቻይ ቆም ብላ አሸተተች።

"ጋሽ ኬ፣ ይሄ ሁሉ ለእኛ ነው? ዘንድሮስ ለጋስ ሆነዋል!"

"ማሽተት ይፈቀዳል፣ መብላት ክልክል ነው" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። "አንዷ ሞክራ ተቆጥተናታል።"

በአዲስ ዓመት ማለዳ አበቦቹ ፈነዱ፤ ደረጃው በመዓዛ ታወደ። አቶ ኬ አዲሱን ሹራባቸውን ለብሰው ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ አፍንጫቸውን ወደተዘጋው በር አዙረዋል። ሩዪን አየቻቸው።

የቤቱ በር ድርብ ነው፤ ውጪው የብረት ፍርግርግ፣ ውስጡ ወፍራም እንጨት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ "እንዴት ነሽ?" እንዳይላት፣ የእንጨቱን በር ሳትዘጋ ውላ አታውቅም።

ወጥታ፣ ድንች በፍርግርጉ መዳፏን ብታሾልክ እንዳትደርስባቸው፣ ሳህኖቹን ወደ ማዶው ግድግዳ አስጠጋቻቸው። ተመልሳ ፍርግርጉን ቆለፈች። የእንጨቱን በር ግን ወለል አድርጋ ከፈተችውና፣ ነፋስ እንዳይዘጋው ወንበር አስደገፈችበት።