የተሸፈነው መስታወት

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል ያልተጨመረበት እውነት ነው፤ የሚጠራጠር ካለ ለንደን ሄዶ ይጠይቅ።

መርማሪው አምብሮስ ተል ወደ ሟቿ ወይዘሮ ፌንዊክ ቤት ሲደርስ፣ ገረዲቱ ሄስተር እጇ በካቴና ታስሮ ቆማለች። የእመቤቷን ቀለበት ሰርቀሻል ተብላ ወህኒ ልትወርድ ነው።

«ከአክስቴ ሬሳ ጣት ላይ ስታወልቀው፣ በኮሪደሩ ሳልፍ በመስታወቱ ውስጥ አይቻታለሁ» አለ የሟቿ የወንድም ልጅ ክሩ።

«ሬሳ ባለበት ቤት እንኳ አታፍርም፣ አንተ ውሸታም?» አለች ሄስተር።

የተል ደም ፈላ። እንደ አገሩ ልማድ፣ ሴትዮዋ እንዳረፉ የቤቱ መስታወት ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ እስኪቀበሩም አይገለጥም። ክሩ ግን አክስቱ ከሞቱ ወዲህ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ዝር ስላላለ፣ የዚያ ክፍል መስታወት መሸፈኑን አላየም።

«በየትኛው መስታወት?»

«ከአልጋው ትይዩ ባለው ነዋ።»

ተል ኮሌታውን አንቆ እየጎተተ ወሰደውና አፍንጫውን ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ደፈቀው። «በል እንግዲህ፣ አሁንም እያት።»

ክሩ ሊያመልጥ ሲል ተል ያዘውና ኪሱን ፈተሸው። ቀለበቱም ከገዛ ኪሱ ወጣ። ሄስተር ካቴናው ሲፈታላት በጥፊ አጮለችው፤ ባርኔጣው በመስኮት በርሮ ቴምዝ ወንዝ ገባ።

እሺ፣ ጥፊውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷስ ጓዟን ሸክፋ ዝም ብላ ነው የሄደችው። እኔ ግን እንዲሁ ልለቀው አንጀቴ እምቢ አለኝ።