ቆራቢዋ ዋስ

እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ቀበሌ፣ ጌጤ እያለች ትዳር አይፈርስም ይባል ነበር። ሚስት ኰርፋ ወላጆቿ ቤት ከገባች የምትላከው ጌጤ ናት፤ ጌጤ ደግሞ ባዶ እጇን ተመልሳ አታውቅም። አንገቷ ላይ ድንጋይ ጭና ከደጃፍ ትንበረከካለች፤ «እሺ» እስኪሏት ድረስ እህል ውሃ አትቀምስም። ሌላ ሴት ብታደርገው ደክሟት ትነሣለች ብለው ይተዋት ይሆናል። ጌጤ ግን ቆራቢ ናት። ከባሏ ከዳኘው ጋር በሥጋ ወደሙ ከተጋቡ ሃያ ዓመታቸው ነው። ቆራቢ ደጁ አንበርክኮ እህል የሚቀምስ ክርስቲያን በዚያ አገር አልተወለደም።

ዳኘው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። በሴት መታማቱን ጌጤ አልሰማችም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወይም ሰምታ ሆድ ይፍጀው ብላለች። እዚህ ላይ ምዬ አልመሰክርም።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በመሠረተ ትምህርት ሰዓት ነው። አስተማሪው አዳነ ከከተማ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሴቶቹ ፊደል ሲሰለቻቸው ተረት ይነግራቸዋል።

«የጥንት ግሪኮች ብዙ አማልክት ነበሯቸው» አለ አንድ ቀን። አሮጊቶቹ አማተቡ። «የጋብቻዋ ሄራ ትባል ነበር። ትዳር የምትጠብቅ፣ ሙሽሮች በስሟ የሚማጸኑባት።»

«ወግድልን፣ እኛ እትዬ ጌጤ አሉልን» አለች አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ ጌጤም አብራ ሳቀች።

«ለመሆኑ ባሏ ምን ዓይነት ነበር?» ብላ የጠየቀችው ራሷ ናት።

አዳነ እንግዳ ነው፤ የሰፈሩን ጉድ ከየት ያውቃል? «ባሏማ ያገኛትን የማያልፍ ነበር። እሱን አልቻለችውም። ስለዚህ ያባለጋቸውን ሴቶች ታሳድድ ነበር። አንዷማ ላም እስክትሆን ደርሳ፣ ተናዳፊ ዝንብ እየላከች አገር ላገር አስበረገገቻት።»

የሳቀ የለም። ሴቶቹ ሁሉ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ጌጤ ዐይኗን ብታዞር የሚገጥማት ዐይን አጣች። ያን ጊዜ ገባት። የባሏ ሥራ አልነበረም የገባት፤ እሱን ከልቧ ጓዳ ደብቃ ኖራለች። የገባት ሰው ሁሉ ማወቁ ነው። አፈረች፤ ከሁሉ በላይ ያፈረችው ግን በሳቋ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ዳኘው ጠራት።

«የገብሬ ሚስት ውዴ አባቷ ቤት ገብታለች። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ቤቱ ከተዘጋ መሬቱ ለሌላ ይደለደላል። ሄደሽ አምጫት።»

ገብሬን ለውትድርና የመለመለው ማን እንደሆነ ጌጤ ታውቃለች። እናቱ አንድ ልጇን እንዳይወስዱባት የዳኘውን እግር ይዛ ስታለቅስ አይታለች። ሆኖም ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

የውዴ አባት አዱኛ ቤት ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። ከሰዓት በኋላ ደርሳ ተንበረከከች፤ እዚያው ደጃፍ ነጋባት። ውዴ ከውስጥ «አልሄድም» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። ረፋዱ ላይ አዱኛ ወጥቶ ድንጋዩን ከአንገቷ አነሣ።

«ምን ሆንሽ ብላት አትነግረኝም» አለ። «ሌላ ሰው ቢለምነኝ አልሰጥም ነበር። በቁርባንሽ ነው የምሰጥሽ። ዋስ ነሽ?»

«ዋስ ነኝ» አለች ጌጤ።

ሁለቱ ሴቶች ጥቂት እንደሄዱ አንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። ውዴ ቆመች።

«እትዬ፣ ከማን የሸሸሁ ይመስልዎታል?»

ጌጤ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውሃው ተራመደች።

«ገብሬ በሄደ በሳምንቱ ባለቤትዎ መጡ። በሩን ብዘጋባቸው፣ ‹ማኅበሩ የሰጠሽን ቤት በማኅበሩ ላይ ትዘጊያለሽ?› ብለው ገፍተው ገቡ። ለአባቴ ብነግረው ይገድላል፤ ከዚያ እሱን ይገድሉታል። ለእርስዎ ግን ነገርኩ።»

«ብታስለምጂው ነው እንጂ፣ እሱ ቆራቢ ነው» አለች ጌጤ። ቃሉ አምልጧት ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ሰማችው። ልትመልሰው ፈለገች፤ አልመለሰችውም።

ውዴ ትክ ብላ አየቻት። አላለቀሰችም። «እሺ» ብቻ አለች።

ከኋላቸው የአባትየው ቤት ገና ሩቅ አልነበረም። መመለስ ማለት አዱኛ ፊት ቆሞ «ዋስ መሆን አልችልም» ማለት ነው። ለምን ይላታል። ባሌ ነው ትለዋለች። ከዚያ በኋላ ቁርባኗ የፈረሰ፣ ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ስሟን ያጣች፣ ደጅ ብትንበረከክ ማንም የማይነሣላት ሴት ናት። ጌጤ ክፉ አልነበረችም፤ ያገሩ ሰው ይመሰክርላታል። ግን ስሟን ከልጅቱ አብልጣ ወደደችው። ይኸው ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

«ሂጂ፣ ይመሽብናል» አለች።

ቀበሌው ሲደርሱ ጎረቤት ሁሉ ከየደጁ መረቃት። ውዴን ቤቷ አስገብታ ወደ ራሷ ስትመጣ ዳኘው መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እንደ ወትሮው ውሃ አቅርባ እግሩን አጠበች። በጣቶቹ መካከል አሸችለት፤ ተረከዙን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችለት።

«አንቺን የመሰለ የለም» አላት።

«ራትዎን ላቅርብ?»

«ስመለስ። ስብሰባ አለብኝ።»

ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። ጌጤ እጣቢውን ልትደፋ ደጅ ወጥታ ቀረች። የገብሬ ቤት ከሜዳው ማዶ ነው፤ ሳይጨልም ጥርት ብሎ ይታያል። ዳኘው ሜዳውን አቋርጦ በሩ ላይ ደረሰ።

አንድ ጊዜ አንኳኳ። ውዴ ወዲያው ከፈተችለት።